የብልቃጥ ጤና

ቫይታሚን የሚባለው ነገር በከተማችን ከመድኃኒትነት ወደ ስጦታነት ከተሸጋገረ ቆይቷል። ድሮ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት የሚጠበቀው ጫማና ሽቶ ነበር። ዛሬ ከጫማው ሥር ሦስት አራት ትልልቅ ብልቃጥ ይወጣል፤ አንዱ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑ ሴቶች፣ አንዱ የዓሣ ዘይት፣ አንዱ ለመገጣጠሚያ፣ አንዱ ደግሞ ለምን እንደሆነ አምጪውም የማያውቀው። እናት ተቀብላ፣ መርቃ፣ ኮመዲኖው ላይ ከዳዊቷ ጎን ታስቀምጠዋለች። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ይታያል። «ልጄ የላከችልኝ ነው» ይባላል። እዚህ ላይ ብልቃጡ ዋና ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ ወዲያ ቢዋጥም ባይዋጥም ግድ የለም።

በፍቅሩ ላይ ምላሴን አላነሳም። በሁለት ሥራ የምትባክን ልጅ እናቷን አስባ የገዛችውን ነገር የሚያንቋሽሽ ሰው ልብ የለውም። እኔ የምጠይቀው ስለ እንክብሉ ነው። በልቶ የሚያድር፣ ሐኪም «ይህ ጎድሎሃል» ያላለው ሰው ይህ ነገር ያስፈልገዋል ወይ? መልሴ አጭር ነው፤ አያስፈልገውም። የሚያናድደኝ ግን የጥያቄው ሌላኛው ግማሽ ነው። በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። እነማን እንደሆኑ ይታወቃል፣ ምን እንደሚጎድላቸው ይታወቃል፣ የሚጎድላቸውም ነገር ከመድኃኒት ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ግን እነሱ ዘንድ አይደርስም። ጠግቦ የሚያድረው በየጠዋቱ አራት ዓይነት ይውጣል፣ የጎደለው እንደጎደለው ይኖራል። ጸቤ ከዚህ ጋር ነው።

እስቲ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ አብዛኛው ታሪክ የነሱ ስለሆነ።)

የቫይታሚን ታሪክ የጉድለት ታሪክ ነው። በ1747 ጄምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም፣ መርከብ ላይ ድዳቸው ያበጠና ጉልበታቸው የከዳቸውን 12 ሕመምተኛ መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው። ሁለቱን ኮምጣጤ ሰጣቸው፣ ሁለቱን የባሕር ውኃ፣ ሌሎቹንም ሌላ ሌላ። ለሁለቱ ብርቱካንና ሎሚ ደረሳቸው። ፍሬው በስድስት ቀን አለቀ፤ በዚያው ጊዜ ግን ከሁለቱ አንዱ ለሥራ በቅቶ ነበር። በ1912 ደግሞ ካሲሚር ፈንክ የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ለነዚህ ስውር ነገሮች ስም አወጣላቸው። «ቪታ» በላቲን ሕይወት ማለት ነው። (ሰውየው ስም ማውጣት ያውቅበታል። «የሎሚ ቅመም» ብሎት ቢሆን ኖሮ ማን ከዋሽንግተን ድረስ ይሸከመው ነበር?)

ልብ በሉ፤ ሎሚው መርከበኞቹን የጠቀማቸው ለብዙ ጊዜ ትኩስ ነገር ሳይቀምሱ ስለቆዩ ነው። ያልጎደለበት ካፒቴን ያንኑ ሎሚ ቢመጥ ከካፒቴንነቱ በላይ አይሆንም ነበር። የንግዱ ብልሃት እዚህች ላይ ናት። «ሲጎድል ያሳምማል» የሚለውን እውነት ወስዶ «ሲጨመር ያበረታል» ወደሚል ወሬ ገለበጠው። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ይመሳሰላሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም። እንስራ ሲጎድል ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚጨመረው የሚያርሰው መሬቱን ነው። ሰውነታችንም ቫይታሚን ሲ ሲበዛበት ትርፉን ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ኤ እና ዲ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጡም፤ ይጠራቀማሉ፣ ሲበዙም ይመርዛሉ።

ለዚህ ወሬ ትልቁን ጉልበት የሰጠው ነጋዴ አልነበረም፤ ሊቅ ነበር። ላይነስ ፖውሊንግ ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመ ሰው ነው፤ በ1954 በኬሚስትሪ፣ በኋላም የ1962ቱን የሰላም። በ1970 ቫይታሚን ሲ በብዛት ቢወሰድ ጉንፋንን ይከላከላል የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ቀጥሎ ካንሰርም አለ። የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የካንሰሩን ነገር ሁለት ጊዜ ፈትኖ፣ በ1979 እና በ1985፣ ምንም ጥቅም አላገኘም። ጉንፋኑም ቢሆን በብዙ ጥናት ተፈትሿል፤ በየቀኑ ሲ የሚውጥ ተራ ሰው እንደማንኛችንም በጉንፋን ይያዛል፣ ሲይዘው ግን በጥቂቱ ቶሎ ይለቀዋል። ሰው ግን ጥናቱን ሳይሆን ሽልማቱን ያስታውሳል። ሁለት ኖቤል ያለው ሰው ሲሳሳት ስህተቱም ሁለት ኖቤል ያለው ይመስላል።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የምትሉኝ አላችሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በየመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ እሰማታለሁ። መልሱ ያለው ፊንላንድ ነው። አትክልት የሚያዘወትሩ ሰዎች የሳንባ ካንሰር እንደሚቀንስላቸው የታየ ጊዜ ሐኪሞቹ፣ እንግዲያውስ ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን ነጥለን ለአጫሾች እንስጥ አሉ። 29,133 አጫሽ ወንዶች ተመዘገቡ። ውጤቱ በ1994 ሲታተም ቤታ ካሮቲን በዋጡት ላይ የሳንባ ካንሰሩ በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ በአጫሾችና በአስቤስቶስ ሠራተኞች ላይ ይካሄድ የነበረ ተመሳሳይ ጥናትም ካንሰሩ በ28 በመቶ ስለበለጠ በ1996 መጀመሪያ ላይ ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ። ጥፋተኛው ካሮቱ አልነበረም። ከካሮቱ ተነጥሎ፣ ተጨምቆ፣ በየቀኑ የተዋጠው ነው። «አይጎዳም» የሚባለው እንዲህ አድርጎ ነው የማይጎዳው።

ለክርክሬ የማይመቸውንም ልናገር። በ2012 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 14,641 ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወንድ ሐኪሞችን ከ11 ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ መልቲ ቫይታሚን በዋጡት ላይ በካንሰር የመያዝ ዕድል በ8 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ለልብ ምንም ለውጥ አላገኘም፤ በካንሰር በሞቱትም ቁጥር ላይ የሚያስተማምን ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ከአሥር ዓመት በላይ በየቀኑ ተውጦ የተገኘው ትልቁ የምሥራች ይህ ነው። በ2022 የአሜሪካ መንግሥት በመከላከያ ሕክምና ላይ የሚያማክረው የባለሙያዎች ቡድን ጥናቶቹን ሁሉ ሰብስቦ መዘነና ስለ መልቲ ቫይታሚን «ልብንና ካንሰርን ለመከላከል ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም» የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ቤታ ካሮቲንንና ቫይታሚን ኢን ግን ለዚህ ብላችሁ አትውሰዱ አለ።

ታዲያ ማስረጃው ይህን ያህል ከሳሳ ብልቃጡ እንዴት እንዲህ በልበ ሙሉነት ይናገራል? እዚህ ላይ የቀድሞ ሙያዬ ይጠቅመኛል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ቅጽሉን ተዉት፣ ግሡን ያዙ» እላቸው ነበር። ብልቃጡን አዙራችሁ ግሡን ያዙ። «የበሽታ መከላከል አቅምን ይደግፋል።» «የልብን ጤና ያግዛል።» «ያድናል» የሚል ግን የትም አታገኙም። ቢል ስለሚጠየቅ ነው። በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አምራቹ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ምርቱ እንደሚሠራ ለመንግሥት እንዲያስረዳ አያስገድደውም፤ በሽታ አድናለሁ ማለትን ግን ይከለክለዋል። «ይደግፋል» እንዲህ ያለ ተአምረኛ ግሥ ነው፤ ታምማችሁ ብትመጡ «እኔ እኮ ደግፌ ነበር» ይላችኋል። ሕጉ በዚያው ብልቃጥ ላይ ሌላም ያስጽፈዋል። ይህ አባባል በምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ አልተገመገመም፣ ምርቱም የትኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም ይላል። ይህ የሚጻፈው ግን በጉንዳን ፊደል ነው። እኛ ሰምና ወርቅ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየንም። ሰሙ ፊት ለፊት በትልቁ፣ ወርቁ ከጀርባ በመነጽር!

ብልቃጡ አገር ሲገባ ደግሞ ግሡ እንደገና ይተረጎማል። «ይደግፋል» የሚለው በቦሌ በኩል ሲያልፍ «ያድናል» ይሆናል። «ይሄ የስኳር ነው፣ እማዬ።» «ይሄ የደም ግፊት ነው።» የጀርባው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ የሚከራከር የለም።

ይህንን ትርጉም ሙያ ያደረጉትም አሉ። ሱፍ የለበሰ ልጅ ካፌ ውስጥ አጠገባችሁ ይቀመጥና «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ» ይላል። ከዚያ ዱቄቱ፣ ሻዩ፣ እንክብሉ። ከዚያ ደግሞ እናንተም ሻጭ ሁኑ፣ ከሥራችሁ ሁለት ሰው አስገቡ፣ ሁለቱም ሁለት ሁለት ያስገቡ። ልጁን አልጠላውም። ዲግሪ ይዞ ሥራ አጥቶ ነው፤ ራሱም ገንዘቡን ከፍሎ የገባበት ወጥመድ ነው። ግን በሰፈራችን አንድ ጡረተኛ አሉ፤ ጋሽ እገሌ ልበላቸው። ከ12 ዓመት በላይ ስኳራቸውን በሜትፎርሚን እንክብል ይዘውት ኖረዋል። ከነዚህ ልጆች አንዱ ቆሽት ያድሳል የሚባል ዱቄት ሸጠላቸው፤ ዋጋው የወር ጡረታቸውን ጠርጎ የወሰደ። «ሁለቱ አብረው አይሄዱም» ተባሉና የሐኪሙን እንክብል አቆሙ። ራሳቸውን ሲያዞራቸው፣ ውኃ ውኃ ሲላቸው፣ ልጁ ምን አላቸው? «መርዙ እየወጣ ነው ጋሼ፣ ይታገሡ።» ታገሡ። በስድስተኛው ሳምንት ልጆቻቸው ተሸክመው ድንገተኛ ክፍል አደረሷቸው። ተርፈዋል፤ ኩላሊታቸው ግን እንደቀድሞው አይደለም።

የሚያስቀው (የሚያስቅ ከሆነ) ምን መሰላችሁ? ሜትፎርሚንን ለረጅም ዓመት የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ ይህ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። በደም ምርመራ ይታያል፣ ጎድሎ ከተገኘም በእንክብል ወይም በመርፌ ይተካል። እንግዲህ ጋሽ እገሌ ምናልባት በእርግጥ አንድ ቫይታሚን ያስፈልጋቸው ነበር። እሱን የነገራቸው የለም፤ የሚያሻሽጥ ትርፍ የለውማ።

ቢ12ን ካነሳሁ አይቀር፣ «እኛ እኮ ጿሚዎች ነን፣ ይጎድለናል» የሚል ክርክር አለ። ሁዳዴው፣ ፍልሰታው፣ ነቢያት፣ ረቡዕና ዓርቡ ሲደመር የምእመኑ ጾም በዓመት ከ180 ቀን ይበልጣል። ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ነገር ግን ጉበታችን ጥሩ ጎተራ ነው፤ ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ ያህል ያስቀምጣል። በፍስኩ ወራት ወተቱንም ዕንቁላሉንም ሥጋውንም የሚያገኝ ጿሚ ጎተራውን ይሞላል፣ በጾሙ ከጎተራው ይበላል። አባቶች ባዮኬሚስትሪ ሳይማሩ ጥሩ አድርገው ከፋፍለውታል። ሊጨነቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ጨርሶ የተወ፣ ሆዱ መፍጨት የደከመበት ሽማግሌ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍስኩም ጾሙም አንድ የሆነበት ድሃ። ፋሲካ ሲመጣ ጾም የሚፈታበት ነገር የሌለው ሰው ጎተራውን በምን ይሙላው? ስለሱ ብልቃጥ የሚሸከም ግን አላየሁም።

የቀረው ሰው ገበታውን ቢያይ ይሻለዋል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ተገኝቶ ከሆነ ዕንቁላሉ። ሊጡ ሲቦካ እህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ እንጀራ ከቂጣ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኛ ግን ከምሳ ላይ ሳንነሳ ሻይና ቡና እናስከትልና ያንኑ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ እንከለክለዋለን። ከዚያ «ደም ማነስ ነው መሰል» ብለን የብረት እንክብል ፍለጋ! ቡናውን ለአንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ምንም አያስከፍልም። (ቡና አቁሙ አላልኩም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም።)

አሁን የሚያስፈልጋቸው ወዳልኳችሁ ሰዎች ልምጣ።

ጨው እንውሰድ። አዮዲን በጎደለበት ደጋ እንቅርት ለብዙ ዘመን እንደ ትውልድ ምልክት ይታይ ነበር፤ በማሕፀን ያለ ልጅም አዮዲን ሲያጣ አእምሮው ይጎዳል። መድኃኒቱ ጨው ላይ የሚረጭ ትንሽ አዮዲን ነው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ በአሰብ በኩል ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ተቋረጠ፤ ለዓመታት አብዛኛው ሕዝብ ከአፍዴራና ከሌላም ቦታ የሚመጣ ባዶ ጨው በላ። አዮዲን የሌለው ጨው ለምግብ እንዳይሸጥ የሚያስገድድ ደንብ የወጣው በ2011 ነው። ያ ሁሉ ዓመት የተወለዱት ልጆች ዛሬ የት ናቸው? ማን ቆጠራቸው? «ጨዋችን ምን ሆነ?» ብሎ ሰልፍ የወጣ ግን አልነበረም፤ ጨው የሚታይ ስጦታ አይደለምና።

ፀሐይም እንዲሁ። በ1997 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ አዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ጥናት አለ። በሳንባ ምች ከተኙ 500 ሕፃናት 210ዎቹ ሪኬትስ፣ ማለትም አጥንታቸው የላላ ሆነው ተገኙ፤ ሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ደግሞ 20 ብቻ። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ እያልን ለቱሪስት በምናስተዋውቀው አገር ሕፃናት ቫይታሚን ዲ አጥተው አጥንታቸው ይላላል! ልጁ «ቡዳ እንዳያየው፣ ብርድ እንዳይመታው» ተብሎ ተጠቅልሎ ጨለማ ክፍል ስለሚውል ነው። ለዚህ ሕፃን የቫይታሚን ዲ ጠብታም ደግ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ግን በራፉ ላይ አለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ፎሊክ አሲድ ነው። ጽንስ በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ የአንጎሉና የአከርካሪው ቱቦ መዘጋት አለበት። ፎሌት ሲያንስ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ልጁ ጀርባው ተከፍቶ፣ ብዙ ጊዜም ጭንቅላቱ ውኃ ቋጥሮ ይወለዳል፤ አንዳንዱ የራስ ቅሉ ሳይሟላ። በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የተመራ ጥናት ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ አደጋው በ72 በመቶ እንደሚቀንስ በ1991 አሳይቷል። ለማንኛዋም ሴት የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው፤ የአሸዋ ቅንጣት ታህል። ከነዚያ የስጦታ ብልቃጦች ብዙዎቹ ውስጥም አለ። አያችሁ? አማትየው፣ መውለድ ያቆመችው፣ ኮመዲኖዋ ላይ ደርድራዋለች፤ ምራቷ እዚያው ቤት ሳታውቀው ታረግዛለች። (ምራቷ ከብልቃጡ ዝም ብላ ትቅዳ ማለቴ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ኤ ለጽንስ አደገኛ ነው። ፎሊክ አሲዱ ለብቻው መድኃኒት ቤት አለ።)

ኢትዮጵያ ይህ ችግር ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። ጤና ጣቢያዎቻችን ለነፍሰ ጡር ብረትና ፎሊክ አሲድ ይሰጣሉ፤ እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን እናቲቱ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ሆዷ ሲታይ ነው። 28ኛው ቀን ካለፈ ወራት ሆኖታል። ለደሟ ይጠቅማታል፤ ለልጇ አከርካሪ ግን ረፍዷል። በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ ተደንግጓል፤ ዱቄቱ ውስጥ ፎሊክ አሲድ አለበት። ደግ ነው፤ የከተማ ዳቦ ለሚበላ። ጤፏንና በቆሎዋን ተሸክማ ወፍጮ ቤት የምታስፈጭ ሴት ጋ ይህ ዱቄት በየት በኩል ይደርሳል?

እኔ የምለው አለኝ። ብዙ አጥቢያዎች የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት ካልመጣ አንድርም ማለት የጀመሩ ጊዜ ስንቱ ተንጫጫ፤ በኋላ ግን የሠርግ ወግ ሆኖ ቀረ። ውጤቱን የምትሰጠው ነርስ ከወረቀቱ ጋር የሦስት ወር ፎሊክ አሲድ ብትሰጥስ? ቄሱም፣ ሼኹም፣ ፓስተሩም «ወስደሻል ወይ ልጄ?» ብለው ቢጠይቁስ? ሻንጣ ሙሉ ብልቃጥ የምትሸከሙ የውጭ አገር ዘመዶቻችንም ለእናታችሁ የመገጣጠሚያውን ተዉላትና፣ የደም ምርመራ አሠሩላት፤ በተረፈው ገንዘብ ለምታገባው እህታችሁ ፎሊክ አሲዱን ግዙ። ለጥሎሽ ከሚቀርበው ቀሚስና ወርቅ መሃል አንድ ትንሽ ፓኮ ብቅ ስትል አክስቶች «ገና ሳትገባ የእርግዝና መድኃኒት?» ብለው መሳቃቸው አይቀርም። ይሳቁ። ሙሽሪት ግን ከዚያች ቀን ጀምራ በየማታው አንድ አንድ ትዋጥ።